ከታይን ድልድይ እስከ ባሕሩ ዳር

እንግሊዝ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ "መሮጥ እወዳለሁ" ካለ ነገሩ አለቀ። ሰሚው ኃይሌን ይጠራል፣ ቀነኒሳን ይጠራል፣ ጥሩነሽን ይጠራል፤ ቀጥሎም "አንተስ በስንት ሰዓት ትገባለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ግሬት ኖርዝ ረን የሚባለው የግማሽ ማራቶን ዕጣ እንደደረሰኝ የሰሙ የሥራ ባልደረቦቼም እንዲሁ ነው ያሉት። አንደኛው "በቴሌቪዥን እንከታተልሃለን፤ ከፊት ካሉት መሃል ነው የምንፈልግህ" አለኝ፤ ከልቡ ነበር። እኔ የምሮጠው ከሥራ መልስ፣ ሲመሻሽ፣ በመናፈሻ ዙሪያ፣ ጭንቀቴን ለማቅለል ነው። አገር ቤት ሳድግ ሩጫ ማለት ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን የምንጮህለት፣ ሲሸነፉ የምናለቅስበት የጀግኖች ጉዳይ ነበር። እኔን የሚመስል ሰው ሩጫ ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የነገረኝ ይህ መንገድ ነው።

የሩጫው ታሪክ ራሱ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። የመሠረተው ብሬንዳን ፎስተር ይባላል። ስሙን ብዙዎቻችን ላናስታውሰው እንችላለን፤ ምሩፅ ይፍጠርን ግን የማያስታውስ የለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲቀሩ ምሩፅ ሳይሮጥ ቀረ፤ ፎስተር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ ሁለቱ በአንድ ፍጻሜ ተገናኙ። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ወርቁን ወሰደ፤ ፎስተር 11ኛ ሆኖ ገባ። በዓመቱ፣ በ1981፣ ፎስተር በተወለደባት በሄበርን አጠገብ የሚያልፍ፣ ለማንም ሰው ክፍት የሆነ የጎዳና ሩጫ ጀመረ። ሐሳቡን ያመጣው ከኒውዚላንድ ነው፤ ኦክላንድ ከተማ ሕዝቡ በባሕር ዳር በጅምላ ሲሮጥ አይቶ። በመጀመሪያው ዓመት 12 ሺህ ያህል ሰው ወጣለት፤ በ2014 ደግሞ አንድ ሚሊዮነኛው ሰው የመጨረሻውን መስመር አለፈ። በዓለም መድረክ የመሸነፍን ስሜት የቀመሰ ሰው፣ ለማያሸንፉ ሰዎች መንገድ መክፈቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ራሴ ልመለስ። ከለንደን የተሳፈርኩበት አውቶቡስ መሃል መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሌላ እስኪመጣ ድረስ ብርድ ላይ ተኮራምተን አመሸን፤ ሩጫው የሚነሳባት ኒውካስል ስገባ ሊነጋ ምንም አልቀረውም። ያረፍኩት የአክስቴ የልጅነት ጓደኛ ቤት ነው። እትዬ እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር ነው የጠበቁኝ። ገንፎው ተሠርቷል፤ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬው ሞልቷል።

"እትዬ፣ ከመሮጤ በፊት ብዙ መብላት አልችልም።"

"ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር በባዶ ሆድ? እኔ ቤት አድረህ? በል ቅመስ የኔ ልጅ።"

በላሁ። ጥቂት ጋደም ብዬ ስነሳ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው በር ላይ ቆመዋል። በሜትሮው ባቡር ቀድመው ወደ ሳውዝ ሺልድስ፣ ሩጫው ወደሚያልቅበት ባሕር ዳር ሊሄዱ ነው። "እዚያ ታገኘኛለህ" ብለውኝ ወጡ።

መነሻው በሌላ ቀን መኪና ብቻ የሚያልፍበት የከተማው ሰፊ ፈጣን መንገድ ነው። 60 ሺህ ያህል ሰው በየቀለሙ ተከፋፍሎ ይሰለፋል፤ እንደ እኔ ወደ ኋላ የተመደበ መነሻው መስመር ላይ ለመድረስ ብቻ ረጅም መንገድ በእግሩ ያዘግማል። በዚያ ዝግመት መሃል የሰዎችን ጀርባ ማንበብ ጀመርኩ። አብዛኛው ሯጭ ለአንድ በጎ አድራጎት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው የሚሮጠው፤ ለማን እንደሚሮጥም ጀርባው ላይ ይጽፋል። "ለእናቴ"፣ "ለአባዬ"፣ "ለታናሽ ወንድሜ"። ከፊቴ የነበረች ሴትዮ የአንድ ሕፃን ፎቶግራፍ በአራት መርፌ ቁልፍ ሸሚዟ ላይ ይዛለች፤ ንፋሱ ጫፉን ባነሳው ቁጥር እጇን ወደ ኋላ ልካ ትዳብሰዋለች። ስለ ሰዓት የሚያወራ ሰው አጠገቤ አልነበረም። ይህ መንገድ የዓለም ክብረ ወሰን እንኳ አይጸድቅበትም፤ መነሻውና መድረሻው ከሚፈቀደው በላይ የተራራቁ ናቸው። ሕዝቡ የሚመጣበት ምክንያት እዚያ ጀርባዎች ላይ ተጽፏል።

ተነሳን። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በ1928 የተከፈተው የታይን ድልድይ አለ፤ አረንጓዴ ቅስቱ ከሩቅ ይታያል። ሬድ አሮውስ የሚባሉት የአየር ኃይል ጀቶች ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ጭስ እየለቀቁ በላያችን ሲያልፉ ድልድዩ ከእግራችን በታች ነዘረ። ከዚያ በፊት ባሉት የመኪና መተላለፊያዎች ሥር ደግሞ አንዱ "ኦጊ፣ ኦጊ፣ ኦጊ!" ብሎ ይጮሃል፤ ሺህ ሰው "ኦይ፣ ኦይ፣ ኦይ!" ብሎ ይመልሳል። ድምፁ ግድግዳውን እየመታ ሲመለስ ሰውነቴን ወረረኝ። እኔም ጮህኩ።

ከጌትስሄድ በኋላ መንገዱ ይከብዳል። ሽቅብ ነው፤ ዳገት የሚባል ዓይነት አይደለም፣ ግን አያልቅም። በስተግራ ጃሮው አለች። የመርከብ መሥሪያዋ ተዘግቶ ሥራ ያጡ 200 ያህል ወንዶች በ1936 አቤቱታቸውን በሣጥን ይዘው እስከ ለንደን በእግራቸው የሄዱት ከዚያች ከተማ ነው። ያ የሥራ አጦች ጉዞ ዛሬም ይወሳል። የአካባቢው ሰው በመንገዱ ላይ ለሚያልፍ እንግዳ የሚያሳየው ርኅራኄ ከዚያ ታሪክ የወረሰው ይመስለኛል።

የእኔ ችግር የመጣው 15ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት ተላቀቀ። ገና አዲስ ነው፤ የሸጠልኝ ሰው "ለዓመት አትጠራጠር" ብሎኝ ነበር። በእያንዳንዱ እርምጃ ሶሉ ይታጠፍና አስፋልቱን ይመታል፤ ሁለት ጊዜ ሊጥለኝ ሲል በሰው ትከሻ ተደግፌ ዳንኩ። በባዶ እግሬ ልቀጥል ወይ ብዬም አሰብኩ፤ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ያደረገውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አበበ ግን በባዶ እግሩ መሮጥን የለመደ ሰው ነበር፤ ቆዳው ያንን መንገድ ይችለዋል። የእኔ እግር ካልሲ የለመደ ነው። ከመንገዱ ወጥቼ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንገቴን ደፋሁ፤ ያ ሁሉ የሌሊት መከራ እዚህ ሊያልቅ ነው ብዬ ሆድ ባሰኝ።

አጠገቤ አንድ ሰውዬ ከልጁ ጋር ብርቱካን እየቆራረጠ ለሯጮች ያድላል። ጫማዬን አየና ለልጅቷ አንድ ነገር ነገራት። ልጅቷ በሩጫ ወደ ቤት ገብታ ቧንቧ የሚጠገንበትን ግራጫ ሰፊ ስኮች ይዛ ተመለሰች። ሰውየው ሣሩ ላይ ተንበረከከ፤ እግሬን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ። እጁ በብርቱካን ጭማቂ ርሶ ስለነበር ስኮቹ አልያዝለት አለ፤ ሱሪው ላይ ጠረገውና ጫፉን በጥርሱ ቀደደ። ከጣቶቼ ጀምሮ ጠበቅ አድርጎ ጠመጠመው፤ በተረከዜ ዞሮ መልሶ ወደ ፊት አመጣው። መታ መታ አድርጎ ካየው በኋላ፣ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ እያመለከተ፣ "አሁን ኖርዌይ ድረስ ያደርስሃል" አለኝ። ልጅቷ አንድ ቁራጭ ብርቱካን እጄ ውስጥ ከተተች። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። እግዜር ይስጥልኝ ያልኩት በአማርኛ ነው፤ የገባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በሰው እጅ ተይዤ የሄድኩ ያህል ነው የሚሰማኝ። ከየቤቱ ደጃፍ ጎማ ስቦ ውኃ የሚረጨን አለ፤ በትሪ ከረሜላ የሚያዞር አለ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በድስት ክዳን የሚያጨበጭቡ አሮጊት አሉ። ሸሚዜ ላይ የተጻፈውን ስሜን እያነበቡ እየጠሩ ያበረቱኛል። በሕይወት ዘመኔ ስሜ በዚያ ሁሉ ሰው አፍ ተጠርቶ አያውቅም።

ማርስደን የሚባለው ሰፈር ላይ ባሕሩ በድንገት ብቅ አለ። ቁልቁለቱ አጭር ነው፣ ግን ጉልበት ይፈትናል። ቀነኒሳ በቀለ በ2013 ከሞ ፋራህና ከኃይሌ ያመለጠው በዚህ ቁልቁለት ነው። ሞ ፋራህ እስከ መጨረሻው ቢከተለውም ቀነኒሳ ርቀቱን በ1 ሰዓት ከ9 ሴኮንድ ጨርሶ ቀድሞት ገባ፤ ልዩነታቸው አንዲት ሴኮንድ ነበረች። ኃይሌ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ሆነ። ከዚያ በፊት ደራርቱ ቱሉ በ2005፣ ብርሃኔ አደሬ በ2006ና በ2010፣ ጥሩነሽ ዲባባ በለንደን ኦሊምፒክ ወርቋ ማግስት በ2012 እዚሁ አሸንፈዋል። የእነሱ እግር ባረፈበት አስፋልት ላይ በስኮች የተጠቀለለ ጫማዬን ጫንኩ። ያኔ የተሰማኝ ኩራት ነው። ያው መንገድ፣ ያው ቁልቁለት፣ ያው ንፋስ፤ ለእነሱ የተለየ አልተነጠፈላቸውም፣ ለእኔም አልተቀነሰልኝም።

ከቁልቁለቱ በታች ወደ ግራ ይታጠፋል፤ አንድ ማይል ይቀራል። በስተቀኝ ሰሜን ባሕር፣ ሰፊ ሣር፣ ምንም የማያስጠልል ሜዳ። ንፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ጨው አፌ ውስጥ ገባ፤ ባቴን ቁርጠት ያዘኝ። ሜዳ ስለሆነ መጨረሻው ቅርብ ይመስላል፤ የሚቀርብ ግን አይደለም። 800 ሜትር የሚለው ሰሌዳ ጋ ልቆም ስል ነጠላ አየሁ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ ከብረት አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው፣ እትዬ፦

"አይዞህ! አይዞህ የኔ ጀግና! በርታ፣ ደርሰሃል!"

አጠገባቸው የቆሙት እንግሊዛውያን ከእሳቸው ሰምተው "አይዞህ! አይዞህ!" እያሉ ተቀበሏቸው። አልቆምኩም። ገባሁ። ያቺ የሕፃኑን ፎቶግራፍ የያዘችው ሴት ከእኔ ጥቂት ዘግይታ ስትገባ አየኋት፤ ሜዳሊያውን ከአንገቷ አውልቃ ፎቶግራፉ ላይ አንጠለጠለችው።

እትዬ ከፌስታላቸው ፎጣና በቴርሞስ የያዙትን ሻይ አወጡልኝ። ሜትሮ ጣቢያው ጋ የነበረው ሰልፍ ማለቂያ የለውም፤ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ቆምን። በዚያ ሰልፍ ላይ የሚያማርር ሰው አላየሁም። ሁሉም የሌላውን ሜዳሊያ እያየ "እንኳን ደስ አለህ" ይባባላል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2001 ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ሲጀምር ምሳሌ ያደረገው ይህንን ሩጫ ነው። የታላቁ ሩጫ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስኪያጅም ሪቻርድ ኔሩርካር የተባለ እንግሊዛዊ ማራቶን ሯጭ ነበር። የምሩፅን ጀርባ እያየ የሮጠ ሰው የጀመረው ነገር ዞሮ አዲስ አበባ ገባ ማለት ነው። በእኔ እምነት ለአገራችን ሩጫ ከሜዳሊያዎቹ እኩል የሚጠቅመው ይህ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ወፍራሙም፣ ሽማግሌውም፣ ሐዘንተኛውም ወደ መንገዱ መውጣቱ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መሮጥ የምትችሉ ተመዝገቡ፤ ሰዓታችሁን ማንም አይጠይቃችሁም። መሮጥ የማትችሉ ደግሞ በደጃፋችሁ ሩጫ ሲያልፍ ብርቱካን ቁረጡ፣ ውኃ ያዙ፣ ወጥታችሁ ቁሙ፤ ከፊት ያሉት ካለፉ በኋላም ወደ ቤት አትግቡ። "አይዞህ" የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው ገና እየመጡ ነው።