አካፋዩ ዳኛ ይሁን

በአንዳንድ አገሮች አንድ ክልል «ማዕከላዊው መንግሥት በበጀት በደለኝ» ሲል ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ እንግዳ ልማድ ወደ እኛም ቢገባ ብለው የሚመኙ ሰዎች በየጊዜው ብቅ ይላሉ። ስለዚህ የእኛን አሠራር ጥበብ ሸዋ ሮቢትን ምስክር አድርጌ ላስረዳ። ምስክሯ ያለ ምክንያት አልተመረጠችም። ከጣርማበር ወደ ይፋት ቆላ የወረደ ሰው የፌዴራል መንግሥትን በዓይኑ ለማየት አይቸገርም፤ የወረደበት የደሴ አውራ ጎዳና የፌዴራል ነው፤ የከተማዋን ስም በአገር ያስጠራው ማረሚያ ቤትም የፌዴራል ነው። ለክልሉ የቀሩት መምህሩ፣ የጤና ጣቢያው ነርስና የግብርና ባለሙያው ናቸው፤ የእነሱ ደመወዝ ደግሞ የሚነሳው ከፌዴራል ድጎማ ጭምር ነው።

ድጎማው የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣንም የዚሁ ምክር ቤት ነው። ሁለቱም በአንድ አንቀጽ፣ በ62ኛው፣ ሰፍረዋል። ስለዚህ የአማራ ክልል ምክር ቤት «ቀመሩ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል» ብሎ አቤት ቢል፣ አቤቱታውን የሚያየው ቀመሩን ያወጣው አካል ነው። ተቺዎች ይህን ነውር ያደርጉታል። ለመሆኑ ቀመሩን ካወጣው የበለጠ ቀመሩን የሚያውቅ ማን አለ? የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አምራች ይህን ከጠበቆች ቀድሞ ተረድቶታል፤ ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው ነው፣ ሚዛኑ አጠገብ የሚቆመው ደላላው ነው፣ ጠብ ቢነሳ የሚያስታርቀውም ደላላው ነው። ሽንኩርቱም ሳይበሰብስ አዲስ አበባ ይገባል።

ፍርድ ቤት ጨርሶ ተዘንግቷል ማለትም ስም ማጥፋት ነው። 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባዔ አለ፤ የሚሰበስበውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ጉባዔው ነገሩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል። ከ11ዱ ሦስቱን የሚወክለው ምክር ቤቱ ራሱ ነው፣ ያውም ከገዛ አባላቱ መካከል። ወሳኙ ምን እንደሚያስብ ለማወቅ ደብዳቤ መጻጻፍ ቀረ ማለት ነው።

የሌሎቹን እንግልት እንይ። የአሜሪካው ደቡብ ዳኮታ፣ ፌዴራሉ መንግሥት «የመጠጥ ዕድሜን 21 ካላደረጋችሁ ከመንገድ በጀታችሁ እቀንሳለሁ» ስላለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ እ.ኤ.አ. በ1987 ተረታ። የሕንዱ ኬረላ እ.ኤ.አ. በ2023 በብድር ጣሪያ ምክንያት ማዕከላዊውን መንግሥት ከሰሰ፤ በቀጣዩ ዓመትም ጉዳዩ አምስት ዳኞች ወደሚሰየሙበት ችሎት ተመራ። ይህ ሁሉ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ የጠበቃ አበል! የእኛ ምክር ቤት ግን አጣሪ ጉባዔው ያቀረበለትን በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕገ መንግሥቱ ያዘዋል።

ከባዱ ሙግት የሰው ቁጥር ነው፤ ቀመሩ ሰው ይቆጥራልና። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ የአማራ ክልልን ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን አደረገው፤ ከተጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ የሚያንስ ነበር። እንደራሴዎች በፓርላማ «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ፤ ማብራሪያ ተሰጣቸው፤ ሪፖርቱም ጸደቀ። እዚህ ላይ አንድ ያልተወራለት ብልሃት አለ። በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔር ለየአንድ ተጨማሪ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ተወካይ ያገኛል። ስለዚህ የጎደሉት ሰዎች ድጎማውን ብቻ ይዘው አልሄዱም፤ ስለ ድጎማው የሚፈርዱትንም አስከትለው ሄደዋል። «አነስክ» የተባለ ከሳሽ በዚያው ልክ ያነሰ ዳኛ ይጠብቀዋል። ከዚህ የበለጠ ምጣኔ ከየት ይመጣል?

ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ቢልም ከ1999ኙ ወዲህ አልተካሄደም፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው አራዘሙት። ገንዘቡ የሚከፋፈለው በትንበያ ነው። ይህንንም አጥብቄ እደግፋለሁ። በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ሕዝቡ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሌላም ቦታ ተሰደደ፤ በትንበያ ያለው የአጣዬ ነዋሪ ግን ከቤቱ አልተነቃነቀም። ድንኳን አልጠየቀም፣ ስንዴ አልጠየቀም። ለበጀት ከሱ የተሻለ ዜጋ አይገኝም።

አሠራሩ ሲፈተን ያየነው በትግራይ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በነሐሴ 2012 መጨረሻ የክልሉን ምርጫ ተፈጻሚነት የለውም አለ፤ ምርጫው ጳጉሜን 4 ተካሄደ። መስከረም 27 ቀን 2013 ያው ምክር ቤት ከክልሉ ምክር ቤትና ከሥራ አስፈጻሚው ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦ ፌዴራሉ መንግሥት ከታችኞቹ የአስተዳደር እርከኖች ጋር እንዲሠራ ወሰነ፤ ድጎማውም በዚያው መንገድ እንዲሄድ ተባለ። ክልሉ ሕገ መንግሥቱ ተጣሰብኝ አለ። ይግባኝ የሚባልበት ችሎት አልነበረም። ጠበኞቹን ያጣላቸው ድጎማ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ድጎማውም ቢሆን ግን ገለልተኛ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ ወር ሳይሞላ ነገሩ ሁሉ ለሌላ ችሎት ተላለፈ። ያ ችሎት ሁለት ዓመት ተሰየመ። ተዘዋዋሪም ነበር፤ በኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርዶ፣ የማሾና የሽንኩርት ማሳውን አልፎ፣ ያልተጠራ ምስክር ሁሉ ከቤቱ አስወጣ። ውሳኔው በጥቅምት 2015 በባዕድ ከተማ፣ በፕሪቶሪያ፣ ተፈረመ።

እንግዲህ ገለልተኛ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይቋቋም የምትሉ ወገኖች ሒሳብ ሥሩ። ዳኛ ደመወዝ ይፈልጋል፣ ችሎት ወንበር ይፈልጋል፣ መዝገብ ቤት ወረቀት ይፈልጋል፤ ሁሉም በበጀት መጽሐፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያለ ችሎት ያለፈው ሙግት ግን በየትኛውም ዓመት በጀት ላይ «የሙግት ወጪ» ተብሎ አልተመዘገበም። ስለዚህ በነፃ ነው፤ ባለበት ይቀጥል።