ስንተኛ ወርዎ ነው?

ግንባሬ ወደ ኋላ ማፈግፈግ የጀመረው ከሠርጋችን በፊት ነው። ፎቶ ስነሳ አገጬን ከፍ አደርጋለሁ፤ ከኋላዬ ረጅም ሰው ሲቆም አልወድም። ስለዚህ ባለቤቴ መስታወቱ ሥር ያስቀመጠቻትን ብልቃጥ ሳይ የጸጉር ቫይታሚን መሆኗን ለመገመት ጽሑፉን ማንበብ አላስፈለገኝም። የእሷ ጸጉር ወገቧ ላይ ነዋ! ጠዋት ጠዋት እሷ አንድ ትውጣለች፤ ዞር ስትል እኔም አንድ።

ወሩ ገና ሲጋመስ ብልቃጧ ባዶ ሆነች። “30 ፍሬ ብሎ አጉድሎ ሸጠልኝ” አለች። አብረን ፋርማሲ ሄድን። ባንኮኒውን እየደበደብኩ “ሰው መቁጠር ያቅተዋል?” ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ በነጻ ጨመረልን። ከጭማሪውም ድርሻዬን አልተውኩም።

ለካ ፎሊክ አሲድ ኖሯል። ልጅ እንውለድ ስንባባል (እኔም እዚያው ነበርኩ አሉ) እሷ ሐኪም ጠይቃ በቀን 400 ማይክሮግራም ጀምራለች። ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ነው የሚጀመረው። የጽንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል፤ ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም። እኔ እዚህ ጸጉር እጠብቃለሁ።

ስታረግዝ ጤና ጣቢያ ቀላ ያለ ክኒን ሰጧት። የተሻለው መጣ ብዬ ቀጠልኩ። ብረት አለበት ብሎ የነገረኝ የለም። አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ዞር ብዬ ሳይ ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ። ኑዛዜዬን እያሰላሰልኩ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ባለቤቴም ደንግጣ ተከተለችኝ።

“የሚወስዱት መድኃኒት አለ?”

“ያቺን… ቀላ ያለችውን… የእሷን።”

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። “ስንተኛ ወርዎ ነው?”

ባለቤቴ ቀስ ብላ ዞረችብኝ። “ያ የፋርማሲ ልጅ!” አለች፤ ሌላ ምንም።

ከዚያ ለመካስ ሊቅ ሆንኩ። አማቴ ጎመን ጽንሱ ራስ ላይ ይለጠፋል ብለው ስለከለከሉ፣ ፎሌት (በምግብ ያለው የፎሊክ አሲድ ዓይነት) በጎመንና በምስር እንደሚገኝ አስተምሬ ራሴ ቀቀልኩ። አመድ እስኪመስል ቀቅዬ ውሃውን ደፋሁት። ፎሌት ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ እሳት ሲበዛበትም ይጠፋል። አማቴ ቀመስ አድርገው፣ “እስቲ አንተ ብላው ልጄ፤ ራስህ ላይ ቢለጠፍልህ” አሉ።

አላረፍኩም። ቡና ላይ፣ ፎሊክ አሲድ አስቀድሞ የወሰደች ከ37 ሳምንት በፊት አትወልድም፣ ተረጋግጧል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወጅኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ 35 ሺህ ገደማ አሜሪካውያን ነፍሰ ጡሮችን የተከታተለ ጥናት፣ ዓመትና ከዚያ በላይ አስቀድመው የወሰዱት በጣም ቀድሞ የመውለድ አደጋቸው ቀንሶ አግኝቷል። በዕጣ ከፋፍለው የሞከሩ ጥናቶች ግን ይህን አላረጋገጡም። ይሄኛውን ያነበብኩት ስኒው ከታጠበ በኋላ ነው።

አሁን ባለቤቴ አንድ ሥራ ብቻ ሰጥታኛለች፦ የክኒኗን ሰዓት ማስታወስ። ስልኬ ላይ ደወል ሞላሁ። ሲጮህ የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት።