የአጎቴ ስም በሰው ኮምፒውተር

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ ሚኒባሳችን ወረታ ላይ ተበላሸ። ረዳቱ «አንድ ዕቃ ብቻ ነው፣ አሁን ይቀየራል» ብሎን ጠፋ። ክረምት ነው፤ ርብ ወንዝ ሞልቷል እየተባለ ይወራል። ቡና እየጠጡ መጠበቁ ሲሰለቸኝ፣ የማሳትመው ደብዳቤ ስለነበረኝ አንዲት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ።

ልጅቷ በቴሌግራም የላክሁላትን ደብዳቤ ስትፈልግ በስሕተት ሌላ ፋይል ከፈተች። ኤክሴል ነው። የፎገራ ሩዝ አምራቾች ስም ከነአባታቸው፣ ቀበሌያቸው፣ ስልካቸው፣ መሬታቸው በጥማድ፣ የሸጡት በኩንታል፣ ያልከፈሉት ብድር። ወረድ ስትል የአጎቴን ስም አየሁ። ከሚስቱ የደበቀው ዕዳ ከስልክ ቁጥሩ ጎን ተጽፏል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው ጋሼ፤ ሊያሳትሙ መጥተው ትተውት ሄዱ። ተመራቂ ተማሪዎችም እየመጡ ይቀዱታል።»

እኔም መምህር ነኝ፤ ደሜ ፈላ። ከፋይሉ ጋር በተዉት መጠይቅ ላይ የአጥኚው ስልክ ስለነበረ ደወልሁ። ያነሳው ሰው በትሕትና ሰማኝና «ወንድሜ፣ ስሙ ምን ይጎዳል? እኛ የምንፈልገው አኃዙን ነው» አለኝ። አኃዙን ከፈለጋችሁ ስሙን ለምን ይዛችሁ ዞራችሁ? ብዬ ስከራከር ሚኒባሱ ተጠግኖ ሻንጣዬን እንደያዘ ሄደ።

በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግሬ ወደ አጎቴ ቤት። የፎገራ ዋልካ በክረምት ከእግር ጫማ ይነጥቃል። ሲመሽ ደረስሁ፤ እግሬን አጠቡኝ፤ እራት ቀረበ። እትዬ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ጉዳዩን ነገርሁት።

«እኔ ለመምህር ብየ ነው የነገርሁ፤ ለገበያ አልነገርሁም» አለ።

ከዚያ ስለ ሩዝ አነሳ። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው አዘራሩን ሲያሳዩ ያስታውሳል። ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ቀድሞ የፎገራ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ዛሬ የሩዝ አገር ሆኗል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለውን ዝርያ የማያውቅ የለም፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተሠራው ወረታ ነው። ስለዚህ ጠያቂ ይበዛል። አጎቴ ሁሉንም ከቤቱ አስገብቶ፣ ጠላ ቀድቶ፣ እውነቱን ነግሮ ይሸኛል።

ዕገታ በበዛበት በዚህ ዘመን ማን ስንት ኩንታል እንደሸጠ ከነስልክ ቁጥሩ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ መገኘቱ የነፍስ ጉዳይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ዳታ ሰብሳቢውን «የሰበሰብኸውን የመጠበቅ ግዴታ አለብህ» ይለዋል። ነገር ግን ሕጉ እስኪያስገድደን ሳንጠብቅ በገዛ እጃችን የምንሠራው አለ። ስሙን በመለያ ቁጥር መተካት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የስሙን ዝርዝር ለብቻው በይለፍ ቃል መቆለፍ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የተማሪን ውጤት ከነመታወቂያ ቁጥሩ በቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ፣ ሌላው በጭቃ እየተንከራተተ የሰበሰበውን ዳታ ቀድቶ የራስ ጥናት ማድረግ፣ የገበሬን ቃል ከነስሙ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መመገብ፣ ሁሉም የአንድ በሽታ ምልክት ናቸው። ምርምርና ማኅበረሰብ አገልግሎት እያልን ደረጃ የምናድገው በእነዚህ ሰዎች ቃል ነው።

ሻንጣዬ በማግሥቱ ባሕር ዳር መናኸሪያ ተገኘ። ፋይሉ ግን፣ ልጅቷ «ባለቤቱ ሳይፈቅድ አላጠፋም» ስላለችኝ፣ እዚያው ነው።

ባልደረቦቼ፣ ዛሬ ፍላሻችሁን ክፈቱ። ስም ያለበትን ለዩ፤ ቆልፉት። ወረታም ሆነ ደብረ ታቦር ፎቶ ኮፒ ቤት የተዋችሁት ካለ ራሳችሁ ሄዳችሁ አስጠፉት፤ ልጅቷ የምትሰማው የእናንተን ትእዛዝ ነው።