ባለአንድ መስመር ለውጥና ገምጋሚዎቹ፦ ገላጭ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

ኦፕን ሶርስ የሚባለው ሶፍትዌር ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አንብቦና አስተካክሎ «ይህን አስገቡልኝ» ብሎ ሊልክለት የሚችል ሶፍትዌር ነው። የሚላከው ለውጥ ፑል ሪኩዌስት፣ ለውጡን የሚመረምረው ሰው ሪቪወር ወይም ገምጋሚ፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ደግሞ ሜንቴይነር ይባላል። አብዛኞቹ ለዚህ ሥራ ደመወዝ አይከፈላቸውም። የሚያሳዩትን ቁጣ በጥቅም ማስረዳት ያልተቻለውም ለዚህ ነው።

የጥናቱ ዓላማ ለውጡ ባነሰ ቁጥር አስተያየቱ ለምን እንደሚበዛ መመርመር ነው። አጥኚው ርእሱን የመረጠው በዘርፉ የምርምር ክፍተት ስላለ ነው፤ ክፍተት ባይኖር ኖሮም በመግቢያው ላይ ይፈጠር ነበር። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት

የዘርፉን መሠረት የጣለው የኮምፒውተር ሰው አይደለም። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ሲ. ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1957 በታተመው መጽሐፉ አንድ የፋይናንስ ኮሚቴ ሦስት አጀንዳ ይዞ ሲቀመጥ ያሳየናል። 10 ሚሊዮን የሚፈጀው የአቶሚክ ማብላያ በ2 ደቂቃ ተኩል ጸደቀ፤ በደንብ የገባው ሰው ጥቂት ስለነበረ የጠነከረ ተቃውሞ አልገጠመውም። የሠራተኞች የብስክሌት ማቆሚያ 45 ደቂቃ ወሰደ፤ ጣሪያው አሉሚኒየም ይሁን አስቤስቶስ በሚለው ላይ ሐሳብ የሌለው አልተገኘም። በስብሰባ ላይ ስለሚቀርበው ቡና የተደረገው ውይይት ከአንድ ሰዓት በላይ ሄዶ፣ ተጨማሪ መረጃ ይቅረብ ተብሎ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ተዛወረ። ፓርኪንሰን የጻፈው ሊያስቅ ብሎ ነበር፤ ስብሰባ የሚያውቅ አንባቢ ግን እንደ ቃለ ጉባኤ ያነበዋል።

ግኝቱን ወደ ኮድ ዓለም ያሻገረው ዴንማርካዊው ፖል-ሄኒንግ ካምፕ ነው። በ1999 ፍሪቢኤስዲ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ሰዎች «ስሊፕ» በምትባል የተርሚናል ትእዛዝ ላይ ተከራከሩ። የስሊፕ ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ የተነገራትን ሰከንድ ያህል ምንም ሳትሠራ ትቆያለች። ያከራከረው ሰከንዱ ክፍልፋይ ሊሆን ይገባል ወይ፣ ማለትም ለግማሽ ሰከንድ ያህል ምንም አለመሥራት ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነበር። ምንም ባለመሥራት ጉዳይ ላይ ብዙ ተሠራ። በመጨረሻም ካምፕ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ፤ የፓርኪንሰንን የብስክሌት ማቆሚያ ጠቅሶም ባልደረቦቹ ስለ ቀለሙ መጨቃጨቃቸውን እንዲተዉ ለመነ። ደብዳቤው ዝነኛ ሆነ፤ ዛሬ ተከራካሪዎች ሁሉ በየክርክራቸው መሐል ይጠቅሱታል። ስሊፕም አሁን በፍሪቢኤስዲም በሊኑክስም ክፍልፋይ ትቀበላለች።

በሌላ በኩል ኤሪክ ሬይመንድ በ1997 ባቀረበው ድርሰት በቂ ዓይን ካየው የማይገኝ ስሕተት የለም ሲል ተከራክሯል፤ ሐሳቡንም በሊኑክስ ፈጣሪ ስም የሊነስ ሕግ ብሎታል። ጉዳዩ በእኛ ዘንድ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎ ቀድሞ የተጠና ነው። ሁለቱም ጥናቶች ሳይመልሱት ያለፉት፣ ሃምሳው ሰው አንዲት ሎሚ ላይ ሲረባረብ ምን እንደሚከተል ነው።

የጥናቱ ዘዴ

ናሙናው በአመቺ የናሙና አመራረጥ የተወሰደ፣ በማንኛውም ፕሮጀክት የሚያጋጥም ዓይነት ለውጥ ነው። አንዲት ትንሽ የተርሚናል መሣሪያ አለች እንበል፤ የምትፈልገውን ፋይል ስታጣ «ፋይሉ አልተገኘም» ትላለች። ለውጡ ከእንግዲህ የጠፋውን ፋይል ስምም እንድትናገር ያደርጋል። አንድ መስመር ይወጣል፣ አንድ መስመር ይገባል። ላኪው አዲስ አበባ ይቀመጥ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውጤቱን አይለውጠውም፤ ሰዓቱ ብቻ ስለሚለያይ መልሱ በእንቅልፍ ሰዓት ይደርሰዋል።

ግኝቶች

አንደኛ፣ ከሰው ቀድሞ የሚደርሰው ቦት የሚባለው በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ቦቱ ላኪውን የመብት ስምምነት ያስፈርማል። ቀጥሎ አውቶማቲክ ሙከራዎቹ ይሮጣሉ፤ በሊኑክስና በማክ ያልፋሉ፣ በዊንዶውስ ይወድቃሉ። የወደቀው ሙከራ ከለውጡ ጋር ምንም የሚያገናኘው የለም፤ ከበፊትም ሲወድቅ ነበር። ቀዩ ምልክት ግን የሚታየው በላኪው ስም ሥር ነው።

ሁለተኛ፣ ገምጋሚዎች በአራት ይመደባሉ። የመጀመሪያው ሥርዓተ ነጥብ አክባሪው ሲሆን፣ «ልጠቅሳት እንኳን የማይገባ ትንሽ ነገር ናት» ብሎ ይጀምርና ነጠላ ጥቅስ በድርብ ጥቅስ እንዲተካ ይጠይቃል። ሁለተኛው ባለራእዩ ነው፦ የፋይሉ ስም ይታይ አይታይ የሚለውን ተጠቃሚው ራሱ ቢመርጥስ ይላል። ለምርጫው የማስተካከያ ፋይል ያስፈልጋል፤ ያ ፋይል ባይገኝ ምን ተብሎ እንደሚነገር ሲጠየቅ ውይይቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሦስተኛው ታሪክ አዋቂው ነው። ይህ ጉዳይ ከዓመታት በፊት ተነሥቶ እልባት እንዳገኘ ያስታውሳል፤ እልባቱ ምን እንደነበር አያስታውስም። አራተኛው ደጋፊው ነው፤ አውራ ጣት አሳይቶ ያልፋል፣ «የቀደመውን ተናጋሪ ሐሳብ እጋራለሁ» እንደሚለው የስብሰባ ታዳሚ። የትኛውን ተናጋሪ እንደሆነ አይገልጽም።

ሦስተኛ፣ መመሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። አንዱ ገምጋሚ ለውጡ በሁለት ኮሚት፣ ማለትም ለየብቻ በተመዘገበ ጥቅል፣ ተከፍሎ ይምጣ ይላል። ላኪው ከፍሎ ሲያመጣ ሌላው በአንድ ይጠቅለል ይላል። የኮሚቱ መግለጫ በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፍ የሚል ደንብም አለ፤ ደንቡ የኮሚቶች መመዝገቢያ ከሆነው ከጊት ፕሮጀክት የራሱ መመሪያ የመጣ ነው። ስለዚህ ላኪው «ስሙን ጨምሬያለሁ» አይልም፤ «ስሙን ጨምር» ይላል፣ ገና እንዳልሠራ ሁሉ ራሱን እያዘዘ።

አራተኛ፣ መንስኤው በከፊል ሜካኒካዊ ነው። በ1970ዎቹ በቤል ላብስ የተሠራው «ዲፍ» ሁለት ፋይሎች የሚለያዩበትን መስመር ነጥሎ ያወጣል። ዛሬ በተለመደው አቀራረቡ ከለውጡ በላይ 3፣ በታች 3 መስመር ብቻ ይጨምርበታል። በናሙናችን ገምጋሚው የሚያየው በድምሩ 8 መስመር ነው፤ 8 መስመር ደግሞ ማንም ሰው አንብቦ ጌታ የሚሆንበት ርዝመት ነው። 2,000 መስመር ሲቀርብለት ይኸው ሰው ጥቂት ወደ ታች ይወርድና «ጥሩ ይመስለኛል» ብሎ ይፈርማል። ይህን ስንፍና ማለት አይቻልም። ለመንቀፍ መረዳት ያስፈልጋል፤ ለማጽደቅ ግን አያስፈልግም።

አምስተኛ፣ ምልልሱ ሲረዝም ላኪው ይደክመውና ዝም ይላል። ዝምታው በቂ ቀን ሲሞላው ቦቱ ተመልሶ ይመጣል፤ «እንቅስቃሴ አልታየም» ብሎ ጥያቄውን ይዘጋል፣ ላኪውንም ስላደረገው አስተዋጽኦ ያመሰግናል።

ማነጻጸሪያ

በ2011 ማብቂያ ላይ ኦፕንኤስኤስኤል ወደተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር አንድ አዲስ አገልግሎት ገባ። ከመግባቱ በፊት አንድ ገምጋሚ አይቶታል። ኮዱ ከሌላኛው ወገን «ይህን ያህል ፊደል ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» ሲባል የተባለውን ያህል ይመልሳል፤ በእርግጥ ያን ያህል መላኩን አይቆጥርም። ጥቂት ልኮ ብዙ የጠየቀ ሰው ልዩነቱን ከሰርቨሩ ማኅደረ ትውስታ፣ የይለፍ ቃልም ሊሆን ይችላል፣ ተመርቆ ይሰጠዋል። ስሕተቱ ሃርትብሊድ ተብሎ ይፋ የወጣው በኤፕሪል 2014 ነው።

ኤክስዚ ደግሞ ፋይል የምትጨምቅ የተርሚናል መሣሪያ ናት። በማርች 2024 በ5.6.0 እና በ5.6.1 ዕትሞቿ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ፣ ከርቀት በድብቅ የሚያስገባ የጀርባ በር ተገኘ። የቀበረው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል በሽፋን ስም ሸጋ ሸጋ ለውጥ ሲልክ የቆየ፣ በኋላም ራሱ ሜንቴይነር የሆነ ነበር። ካስገባቸው ነገሮች አንዷ ነጥብ ናት። በግንባታ ፋይሉ ውስጥ፣ ላንድሎክ የሚባለው የሊኑክስ መከላከያ መኖር አለመኖሩን በሚፈትሽ ኮድ መሐል፣ አንዲት ነጥብ ለብቻዋ ቆማለች። በእርሷ ምክንያት መፈተሻው ኮምፓይል አይሆንም፤ ሥርዓቱም መከላከያው የለም ብሎ ይደመድማል። ሥርዓተ ነጥብ አክባሪዎች በዓለም ሁሉ እያሉ ይህች ነጥብ ሳትታይ አለፈች፤ ያስገባት ሰው የሚገመገም መሆኑ ቀርቶ ገምጋሚ ሆኗልና።

የጀርባ በሩን ያጋለጠውም ሪቪው አይደለም። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር በኤስኤስኤች ከርቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ምክንያቱን ሲፈልግ ደረሰበት። ግማሽ ሰከንድ ቁም ነገር ነው ወይ ለሚለው የ1999 ክርክር ይህ ዘግይቶ የመጣ መልስ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

የጥናቱ ውሱንነት

ጥናቱ ትልልቅ ለውጦችን በጥልቀት አልዳሰሰም። ስለ እነርሱ የተጻፈ አስተያየት ተፈልጎ፣ የተገኘው በአብዛኛው አውራ ጣት ነው።

ምክረ ሐሳብ

ትንሽ ለውጥ ያላቸው ላኪዎች ትልቅ እስኪሆን ቢጠብቁ ይመከራል። ትልቅ ለውጥ ያላቸው ደግሞ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ የፊደል ግድፈት ቢተዉ ገምጋሚው እርሷን አርሞ በሰላም ያልፋል።

ሜንቴይነሮች አንድ ሰው ለሁለት ዓመት መልካም ሥራ መሥራቱን ስለ ትናንት ማስረጃ አድርገው ይቀበሉ፤ የዛሬውን መስመር ግን ያንብቡ።

ገምጋሚዎች «ጥሩ ይመስለኛል» ከማለታቸው በፊት ኮዱ ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ እምቢ ካላቸው፣ ስለ ጥቅስ ምልክቱ አስተያየት መስጠት መብታቸው ነው።