ገብቶኛል፤ ያልገባው ብሩ ነው

ከቢቸና ወደ ሞጣ የምትሄድ ሚኒባስ። ኋላ ወንበር ላይ አንዱ የቢቸና፣ አንዱ የሞጣ ሰው፣ ሽበት የጣለባቸው፣ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ስኳር አለባቸው፤ ምላሳቸው ላይ ግን ጠብታ ጣፋጭ የለም።

«አያ፣ ኪኒንህን ትውጣለህ?» አለ የቢቸናው።

«እኔ ኪኒኑን፣ ዋጋው እኔን፤ እንዋዋጣለን።»

«ስኳርስ ተውክ?»

«ገና ድሮ! አሁን ሻዬን በማር ነው።»

«ማርም እኮ ስኳር ነው!»

«የሞጣ ማር ነዋ!»

«የሞጣ ንብ ሐኪም ናት?»

«እናንተስ ‹ጤፍ አይነካም› እያላችሁ አራት እንጀራ ትጠቀልሉ የለም? ብረት አለው ሲባል ጋሻ የሆነላችሁ መሰላችሁ?»

እዚህ ላይ ሁለቱም ተሸናፊ ናቸው። ማር ስኳር ነው፤ ጤፍም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል።

የቢቸናው የሚወጋው ኢንሱሊን ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጥ ይባላል። «ፍሪጅ አለህ?» ሲባል፣ «እርጥብ እንስራ አለኝ፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም» አለ። ፍሪጅ ለሌለው ቤት ይህ ብልሃት ነው፣ አይሳቅበት።

ፊት የተቀመጠች የጤና ባለሙያ ወደ ሞጣው ዞረች። «ጋሼ፣ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ አልተባሉም?»

«ተብያለሁ። የጠዋቱን ለራሴ፣ የማታውን ለወር መጨረሻ።»

«አልገባዎትም ማለት ነው።»

«ገብቶኛል ልጄ፤ ያልገባው ብሩ ነው።»

«የጤና መድን የለዎትም?»

«መዋጮዬን ከፍያለሁ። ካርዱን በነጻ አወጡልኝ፤ ኪኒኑን ‹አልቋል፣ ከውጭ ይግዙ› አሉኝ። ከመድኃኒት ‹መድ›ን ሰጥተው ‹ኃኒቱን› ወደ ገበያ ሰደዱኝ።»

ባለሙያዋ ሳቀች፤ መልስ ግን አልነበራትም። አብሬያቸው የተሳፈርኩት እኔም አልነበረኝምና ታሪክ አመጣሁ፦ ኢንሱሊንን ያገኙት የቶሮንቶዎቹ ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት በነፍስ ወከፍ በ1 ዶላር ነበር አልኩ።

የሞጣው ዞር ብሎ አየኝ። «በባንክ ነው በጥቁር ገበያ?»

ለነገሩ ሰውየው ያላወቀው ነገር ማሩን ነው እንጂ ኪኒኑን አይደለም። ግማሽ መዋጥ የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ በምክር አይታከምም። ብቻ፣ አንባቢዬ፣ አንተም እንዲሁ ከሆንክ ከሐኪምህ አትደብቅ። ካልነገርከው ስኳሩ አልወርድ ሲለው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሌላ ይጨምርልሃል፤ ሌላ ዋጋም።