ቀልድም ፈቃድ ጠየቀ!

ይኸው፣ በስተርጅና ቀልድ ከልጅ ልጆቼ እየተማርኩ ነው። እዚህ ሜሪላንድ፣ በገዛ ቡናዬ ላይ አንዲት ቀልድ ጣል ሳደርግ ልጅቷ ቀና ትልና «አባባ፣ ይሄ ቲዝ ነው እንጂ ባንተር አይደለም!» ትለኛለች። ሁሉም ያስቃል አይደል? ኧረ ለሷስ አይደለም።

ባንተር ሁለት ሰው የሚወራወረው ነው አሉ፤ ስትነካኝ እመልሳለሁ። ታዲያ ይሄማ የኛው ተረብ ነው! መልስ ያጣ ተሸነፈ፣ ያኮረፈ ደግሞ ሁለቴ ተሸነፈ። ቲዝ ግን ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ አንዱ ነካኪ፣ ሌላው ተነካኪ። ቃሉ ጥንት የበግ ጠጉር ፈልቅቆ ማባዘት ማለት ነበር። መቼም ጠጉሩ መልስ አይሰጥ!

ባንተር የሚሉትን ቃልማ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ጠልተውት ነበር። የጉሊቨርን ጉዞ የጻፈው ጆናታን ስዊፍት፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1710፣ ይህን ቃል ለመግታት ዓመታት መልፋቱን በጋዜጣ አማረረ። ገና በ42 ዓመቱ! እንዲህ ቀድሞ የገባው ሰው ደስ ይለኛል። ሳሙኤል ጆንሰንም በ1755 መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ዘር ማንዘሩ የማይታወቅ ባለጌ ቃል አድርጎ መዘገበው። ማን ሰማቸው?

እኔን የሚያነደኝ ግን ኪዲንግ ነው። ኪድ የፍየል ግልገል ነበር፤ ኋላ ሕፃን ተባለበት፤ ቀጥሎ ደግሞ ማሞኘት ሆነ። ሌላው ቀልድ ቀልድነቱ ሲነገር ይታወቃል፤ ይሄኛው ግን አድማጩ ፊቱን ካጠቆረ በኋላ የሚለጠፍ ነው። ባለፈው ትንሹ «አባባ፣ ይሄ ኮት ከአክሱም ሐውልት ጋር ነው እንዴ የተሠራው?» አለኝ። ዝም ብዬ ሳየው «ጀስት ኪዲንግ!» ብሎ ሾለከ። እኔም «ያንተንስ ሱሪ ጉልበቱ ላይ የትኛው ውሻ ነው የዘነጠለው?» አልኩት። እህቱ ዘላ «አባባ! ይሄ ሞክ ማድረግ ነው፤ በሰው አለባበስ አይቀለድም!» አትልም? የሱ ኪዲንግ፣ የኔ ፌዝ። ፈራጇም ተከሳሹም ዘመዳሞች!

ደግሞ ሮስት የሚሉት አለ፤ መጥበስ ማለት ነው፣ እንደ ሥጋ። ኒውዮርክ ውስጥ ፍራየርስ ክለብ የተባለ የቀልደኞች ማኅበር ነው ዝናውን ያናኘለት፤ የሚከበረውን ሰው መሀል አስቀምጠው፣ ወዳጆቹ በተራ እየተነሡ በሰው ፊት ያበሻቅጡታል። ይሄ ደግሞ ክብር ነው አሉኝ! ሱሪ አይነካም ያለችው ልጅ ናት ይህን የምትነግረኝ።

ለልደቴ ሊጠብሱኝ እየተማከሩ መሆኑን ሰምቻለሁ። ይሁን፣ ይጥበሱኝ። ግን ማይክሮፎኑ እኔ ጋ ሳይደርስ ኬክ የሚባል ነገር አይቆረስም።