ቡፌው አገር ሲጎበኝ

እኛ ዘንድ «አገር ልይ» ብሎ ብቻ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። ምክንያት ያስፈልጋላ! ቁልቢን ያየነው ስለት ልናስገባ ሄደን ነው፤ ጎንደርን ያየነው ሚዜ ሆነን፤ ጅማን ያየነው ልቅሶ ልንደርስ። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ኢትዮጵያን የሚያውቃት በአበል ነው፤ አበል ያልታሰበለት ከተማ ካርታው ላይ የለም። እናም ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የተዛወረ አባወራ «የመኪናው ኪራይ እንደሆነ ተከፍሏል፤ እግረ መንገዳችንን ሐይቆቹን እያየን እንሂድ» ቢል አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ሐይቅ ሊያይ ከነቡፌው መውጣቱ ነው።

የማወራው ስለ አንድ የሰፈራችን ሰው ነው። ዝውውሩ እንደ ደረሳቸው ለዕቃው አይሱዙ ተከራዩ፤ ለቤተሰቡ የወንድማቸውን ኮሮላ ተዋሱ። ለእኔም «ዕቃ ጥበቃ» የሚባል ምክንያት ተገኘልኝና ከሹፌሩና ከረዳቱ ጋር ጋቢና ገባሁ።

መጀመሪያ የመጣው ጣጣ ጭነቱ ነው። ቤት የሚለቅ ሰው የሚጥለው ነገር አያጣም ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን የሚጣል ነገር ጠፋ። እግሩ የተሰበረው ወንበር «እንጨቱ እኮ ዋንዛ ነው» ተብሎ ተጫነ። ምስሉ የጠፋው ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን «ድምፁ ይሠራል» ተብሎ ተጫነ። ክዳን የሌላቸው ጀሪካኖች በገመድ ተቀጣጥለው ወጡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም፤ ግን ወፍራም ወፍራሙ ብርድ ልብስና የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሳይቀር ወደ ቆላ ወረደ።

ጫኝና አውራጆች የታወቀ ሕግ አላቸው፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ፣ ተሰባሪው መጨረሻ። ሕጉ ለመኪናው ሚዛን ደግ ነው፤ ለሰው ገበና ግን ጠላት ነው። ፍሪጁና ቁም ሣጥኑ ከሥር ተቀበሩ። ከላይ የቀረው እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቀው ሁሉ ነው። የመጨረሻው ልጅ ሌሊት ሌሊት ካርታ የሣለበት ፍራሽ፣ ፖፖው፣ ለድግስ ብቻ የሚወጣው ጭስ የጠገበ ትልቅ ብረት ድስት። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ያልወለቀለትን ላስቲክ እንደለበሰ ጫፍ ላይ ተሰቀለ። ቡፌው መስታወቱ እንዳይሰበር በመጨረሻ ገብቶ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ቆመ። የሹፌሩ ሸራ ደግሞ እኩሌታውን ሸፍኖ አለቀ።

«ጋሼ፣ በቡታጅራ፣ በሆሳዕና አድርገን ሶዶ ብንወጣ ይቀርባል» አለ ሹፌሩ። ልጁ ቸኩሏል። ለመልስ ሙዝ ሊጭን ተዋውሏል፤ ሙዝ ደግሞ ጥሬውን ተቆርጦ ከተቆለለ በኋላ ሹፌር ሐይቅ እስኪያይ አይጠብቅም።

«እዚያ መንገድ ላይ ምን ይታያል?» አሉ አባወራው። (የጉራጌና የሐድያ ሰዎች ይህን እንዳልሰሙ ይለፉት።)

«እሺ፣ በሞጆም ከሆነ በክፍያው መንገድ ቶሎ ባቱ እንግባ።»

«አጥር ውስጥ ገብቼ አገር አላይም!»

በአሮጌው መንገድ ሄድን። ቆቃ ስንደርስ ኮሮላው ቆመ፤ እኛም ከኋላው ቆምን። አባወራው ልጆቻቸውን አሰልፈው «ይኼ ሐይቅ እንዳይመስላችሁ፤ አዋሽን ገድበው ያቆሙት ውኃ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራው ያለቀው፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነው» ብለው አስተማሩ። ልጆቹ ወደ ውኃው አላዩም። የሚያዩት አይሱዙውን ከቦ ፖፖውን በጣቱ የሚያሳየውን የመንደር ልጅ ነበር።

መቂ ላይ ሽንኩርት ተገዛ፤ በጆንያ! «አዲስ አበባ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» አሉኝ አባወራው፣ ትርፉ ዓይናቸው ላይ እየበራ። አውቃለሁ። ችግሩ አዲስ አበባን የለቀቁት በዚያው ዕለት ማለዳ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ገበያ ያተረፉትን ሽንኩርት ይዘው፣ የራሱ ሽንኩርትና የራሱ ገበያ ወዳለው አገር ይወርዳሉ። ቲማቲሙም በሣጥን ታከለ፤ ረዳቱ ሶፋው ላይ አስቀምጦ አሠረው። ላስቲኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ሰጠ።

ባቱ ዓሣ በላን። አባወራው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች እየጠቆሙ ስለ ደብረ ጽዮን ተረኩ። አበው እንደሚሉት በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ተሰድዳ የተጠለለችው እዚያ ነው። «ከዚህ የሚበልጥ ዝውውር የት አለ?» አሉ። ሚስታቸው የተፈታ ገመድ በዓይናቸው እየተከታተሉ «እሷ ቡፌ አልያዘችም» ብለው መለሱ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይኼ ነበር።

አብያታ ሲደረስ ደግሞ ሐይቁ ራሱ ቤት ለቋል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይወርድለት የነበረው ውኃ በየመስኖው ይጠለፋል፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካውም የድርሻውን ሲወስድ ኖሯል፤ ድሮ ውኃ የነበረበት ነጭ ሜዳ ሆኗል። ይኼ ቆሞ የሚያሳስብ ነገር ነበር። ግን ማን ያስብ? አባወራው ፎቶ ላይ ናቸው። ጎረቤቱ ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት እንዳለው እየነገሩን ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆሙ፤ ሐይቁ በትከሻቸው ላይ አንድ ጣት ያህል ታየ። ሐይቆቹ ያሉበት ፓርክ በር ላይ ሰጎኖች አሉ። ሊጎበኙ ከመጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ሰጎኖቹን ትተው ስልካቸውን ወደ እኛ አዞሩ። ሰጎን የትም ይገኛል፤ ፍራሽ፣ ቲማቲምና ቡፌ ጭኖ ፓርክ የሚጎበኝ ግን በየቀኑ አይገኝም።

ሐዋሳ ማደር ግድ ሆነ። ቤተሰቡ ሐይቅ የሚያሳይ ክፍል ያዘ፤ የሆቴሉ ዘበኛ ግን አይሱዙውን በግቢው አላስገባም አለ። ውጭ ቆመ። የማደሪያ ጥበቃ ተከፈለ፤ የሹፌሩ ተጨማሪ ቀን ተከፈለ፤ እግረ መንገድ ተብሎ በነፃ የተጀመረው ጉብኝት ቀስ በቀስ ዋጋው ታወቀ። እንግዲህ ሐዋሳን በወጉ ያያት ማን ነው ቢባል፣ ረዳቱ ነው። ሶፋው ላይ ወጥቶ፣ ከብርድ ልብሶቹ አንዱን አውጥቶ፣ ሐይቁን ፊት ለፊት እያየ ተኛ። ያ ሶፋ ሰው ተዘርግቶ የተኛበት የመጀመሪያ ሌሊት መሰለኝ።

ሲነጋ አባወራው አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ ሲጠበስ፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ እንደ ደመወዝ ጠባቂ ተሰልፈው ትርፍራፊ ሲጠብቁ ለማየት ተነሡ። የሹፌሩ ስልክ ግን ከሌሊት ጀምሮ አላረፈም።

«ጋሼ፣ እናንተ ተዝናኑ። እኔ ዕቃውን ላድርስ። ሙዙ ተቆርጧል!»

ተስማሙ። ሶዶን አልፈን ስንወርድ አባያ በግራ በኩል ተዘረጋ፤ ከጣና ቀጥሎ በስፋቱ የሚጠራው፣ ደለሉ ወደ ቀይ ያስቀየረው ውኃ። አባወራው ይህን ሁሉ ዙሪያ የዞሩት ለእንዲህ ያለው እይታ ነበር። ጊዜ ሰጥቶ ያየው ቡፌው ነው፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ሐይቁን በመስታወቱ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ወረደ።

አዲሱ ቤት በር ላይ ስንቆም ቁልፉ ትዝ አለን። ቁልፉ ኮሮላው ውስጥ ነው። ኮሮላው የት እንዳለ አይታወቅም፤ የአባወራው ስልክ በፎቶ ብዛት ባትሪው አልቋል። ሹፌሩ ደጋግሞ ሞከረ፤ ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ገመዱን መፍታት ጀመረ። ያ ሁሉ ዕቃ አንድ በአንድ መንገድ ዳር ተደረደረ። ሶፋው ከፊት፣ ቡፌው ከጎን፣ ፍራሹ ካርታውን ለፀሐይ ሰጥቶ አጥር ተደግፎ። አይሱዙው ወደ ሙዙ በረረ።

ጎረቤት ወጣ። የወንበሩ እግር እንደተሰበረ ታወቀ፤ ቴሌቪዥኑ ተመረመረ፤ ማሞቂያው ግን ምን እንደሆነ እኔ ነኝ ያስረዳሁት፤ ያዳመጡኝ ሰዎች እያላባቸው በትዕግሥት ሰሙኝ። አንዲት እናት «መንገድ ላይ ቆማችሁማ አይሆንም» ብለው ቡና አፈሉ። ሰዉ ሶፋው ላይ፣ ላስቲኩ ላይ ተቀመጠ። አገር ሊያዩ የወጡትን ሰዎች አገር እንዲህ ተቀምጦ፣ ቡናውን እየጠጣ አያቸው። ባለቤቶቹ ከሶዶ ቁርጥ በዳጣ በልተው፣ ጠግበው፣ ወደ ማታ ሲደርሱ ሰፈሩ ስንት ብርድ ልብስ እንዳላቸው ያውቅ ነበር።

መዞሩ ኃጢአት ነው አልልም። ኃጢአቱ ለመደሰት ፈቃድ መፈለጋችን ነው። አንድ ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ሄደን ሐይቅ ዳር ብንቀመጥ ገንዘብ ማባከን ይመስለናል። ዕቃ ተጭኖ፣ ሹፌር እያጉረመረመ፣ ቁልፍ ጠፍቶ ከሆነ ግን ቁጠባ ነው። የተከፈለው ሁሉ ቢደመር ባለቤቶቹ በአውሮፕላን ደርሰው ዕቃው በሆሳዕና ቢወርድ ይሻል እንደነበር አባወራው ዛሬም አይቀበሉም። ፎቶዎቹን ያሳያሉ። ሁሉም ፎቶ ጥግ ላይ የአይሱዙው ቂጥ አለ።

ሳምንት ሳይሞላ አንዲት ጎረቤት በር አንኳኩ። ልቅሶ አለ፤ ከዕድሩ ዕቃ ድስት አንሷል።

«ያ ትልቁ ብረት ድስት፣ ከፍራሹ አጠገብ የነበረው፣ ይኖራችኋላ?»

ድስቱ ሄደ። ከዚያ ለማኅበር፣ ከዚያ ለሠርግ ሄደ፤ አሁን በሰፈሩ ከባለቤቶቹ ይልቅ የሚታወቀው እሱ ነው። እማወራዋ ድስታቸው የት እንዳለ ሲጠየቁ በእጃቸው አቅጣጫ ብቻ ያሳያሉ። ባለፈው አባወራው «እኔ ምልሽ፣ ጂንካ ክፍት ቦታ ወጥቷል አሉ፤ መንገዱ ሲያምር!» ሲሏቸው ረጋ ብለው እንዲህ አሉ፦

«እንሂድ። ግን ድስቱን ከታች ነው የምናስጭነው።»